ጭብጨባው ይቆይልን፤ መጀመሪያ ፋይላችን ይከፈት

ለ፦ የጦር ጉዳተኞችንና የተመላሽ ወታደሮችን ጉዳይ ለሚመራው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለአሠሪዎች፣ ለቤት አከራዮች፣ ለጎረቤቶቻችንና ለሕዝቡ በሙሉ

ጉዳዩ፦ የጉዳት አበል እንደገና እስኪጣራ እንዲቆም ስለተላለፈው ውሳኔ እና ከጦር ሜዳ በተመለስን ሰዎች ላይ ስለሚደርሰው በደል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በፖስታ አሽገን የላክናቸው መልስ ስላላገኙ ነው። እኔና ጓዶቼ ከጦር ሜዳ የተመለስን ነን። አንዳንዶቻችን በቦርድ የተሰናበትን ነን። አንዳንዶቻችን ግዳጃችንን ጨርሰን መልቀቂያ ይዘናል። ከምርኮ የመጣንም አለን። ፖለቲካችን የተለያየ ነው። ስለተዋጋንበት ጦርነት ራሱ ስናወራ ብዙ ጊዜ እንጣላለን። በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ነን።

በቅርቡ ያወጣችሁት መመሪያ እንዲህ ይላል። የጉዳት አበል የሚያገኝ ሁሉ በአካል ይቅረብ። አዲስ የሐኪም ማስረጃ ያያይዝ። ጉዳቱ አሁንም መኖሩን ያስመስክር። እስኪያስመሰክር ድረስ ክፍያው ይቆማል። ምክንያታችሁ አጭበርባሪ መኖሩ ነው። ይኖራል፤ አንክድም። አጭበርባሪ የሌለበት የክፍያ መዝገብ የትም የለም። ግን አጣርቶ ማቆም አንድ ነገር ነው፣ አቁሞ ማጣራት ሌላ። እናንተ ሁለተኛውን መረጣችሁ። ዋጋውን ማን እየከፈለ እንደሆነ በስም ሳይሆን በጉዳይ ልንገራችሁ።

አንድ ጓዴ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ በፈንጂ አጥቷል። መመሪያውን ሰምቶ መጣ። ወረፋ ጠብቆ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ፎርም ተሰጠው። ፎርሙ ላይ «ጉዳቱ፦ አሁንም አለ / ተሽሏል» የሚል መስመር አለ። ከጎኑ ምልክት የሚደረግባቸው ሁለት ባዶ ሳጥኖች አሉ። ሰውየው ጨዋታ ያውቃል። ሱሪውን ሰብስቦ ሰው ሠራሽ እግሩን ፈታና መስኮቱ ላይ አቆመው። «እስቲ አንቺው ወስኚልኝ» አላት ጸሐፊዋን። መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ አፈረች። ክፉ ሰው አይደለችም። ቢሆንም ያለ ሐኪም ማስረጃ ፎርሙን መቀበል አትችልም። ማስረጃ የሚሰጠው ሐኪም ቤት ደግሞ ቀጠሮው ሩቅ ነው። እስከዚያ አበሉ ቆሟል።

የተቆረጠ እግር ወጪው አንዴ ወጥቶ የሚያበቃ አይደለም። የቀረው የእግር ክፍል በጊዜ ብዛት ይሟሽሻል። ሰው ሠራሹ እግር ይሰፋዋል። ሰውየው ክፍተቱን በካልሲ ላይ ካልሲ እየደረበ ይሞላዋል። ካልሲው ይሰበሰባል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ቁስል ይወጣል። ቁስሉ እስኪደርቅ እግሩን ማድረግ አይችልም። ማድረግ ካልቻለ ሥራ አይሄድም። ሌሊት ደግሞ የሌለው እግሩ ጣት ያመዋል። ቀልድ አይደለም፤ ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር ነው። ነርቩ መልእክት መላኩን አላቆመም። ይህን ሰው ነው «ተሽሏል?» ብላችሁ የምትጠይቁት። መጠየቅ የነበረባችሁ «እግሩ ጠበበህ ወይስ ሰፋህ?» ብላችሁ ነበር።

ሌላው ጓዳችን ከባድ መሣሪያ ላይ ያገለገለ ነው። መድፉ ጆሮውን ወስዶታል። ቢሯችሁ በር ላይ ስም በቃል ይጠራል። የሱም ተጠራ። አልሰማም። «የለም» ተብሎ ታለፈ። ለካ ከጠሪው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ «ተራህ አልፏል፣ ሌላ ቀን ና» ተባለ። የጆሮ ጉዳት በእኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ የጦር ተመላሾች መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ካሳ የሚያገኝበት ጉዳት የማያቋርጥ የጆሮ ጩኸት ነው። መስማት የተሳነውን ሰው በድምፅ የሚጠራ ቢሮ ስለ ማጭበርበር ከማውራቱ በፊት በሩን ቢያስተካክል ይሻለዋል።

ከዚህ የሚብሰው የማይታየው ቁስል ጉዳይ ነው። መመሪያችሁ የአእምሮ ጉዳት አለብኝ የሚል ሰው ጉዳቱን ያመጣው ነገር የደረሰበትን ቀን፣ ቦታና የሁለት የዓይን ምስክሮች ቃል እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ምስክሮቹ የት እንዳሉ ለእናንተ መንገር አለብን? አብረውን ምሽግ የነበሩት እዚያው ቀርተዋል። ቀኑንም የመዘገበ የለም። ተኩስ ላይ ሆኖ ማስታወሻ የሚይዝ ወታደር ካያችሁ ንገሩን።

ደግሞስ ነገሩ ሁልጊዜ በአንድ ቀን የሚመጣ ነው ያላችሁ ማነው? ሰውነት ለወራት ነቅቶ መጠበቅን ይለምዳል። ግንባር ላይ በሕይወት የሚያቆየው እሱ ነው። ቤት ሲገባ ግን ሰውነቱ ጦርነቱ ማለቁን አልሰማም። በር ሲንኳኳ ይዘላል። ሰው የተሰበሰበበት ቤት ገብቶ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ካልሰጠ አይቀመጥም። ሌሊት ይነቃል፣ ቤቱን ይዞራል፣ መስኮቱን ያያል። ለበዓል ርችት ሲተኮስ ልጆቹ ፊት መሬት ላይ ይተኛል። ከዚያ ያፍራል። ካፈረ በኋላ ከቤት አይወጣም። አንዳንዱ ለእንቅልፍ ብሎ መጠጥ ይጀምራል። ሰፈሩ ደግሞ «አብዷል» ይልና ይገላገላል።

ዓለም ይህን ለመቀበል ብዙ ሰው አስከፍሏል። ሃሪ ፋር የሚባል የእንግሊዝ ተራ ወታደር በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በዚሁ ሕመም ለወራት ሆስፒታል ተኝቷል። ከዚያ ወደ ግንባር መለሱት። እ.ኤ.አ. በ1916 ወደፊት መሄድ አልችልም አለ። በፈሪነት ተከሰሰ፣ በገዛ ወገኖቹ ጥይት ተረሸነ። ሚስቱ ጡረታ ተከለከለች። ቤተሰቡ ተሟገተ፣ ተሟገተ። እ.ኤ.አ. በ2006 እሱን ጨምሮ ለ306 የተረሸኑ ወታደሮች ይቅርታ ተደረገ። ዘጠና ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በአሜሪካም ዛሬ ፒቲኤስዲ (PTSD) የሚባለው ይህ ሕመም በአእምሮ ሐኪሞች የሕመሞች መዝገብ ላይ ራሱን ችሎ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የቬትናም ተመላሾችና አብረዋቸው የቆሙ ሐኪሞች ባይወተውቱ ኖሮ ያኔም አይሰፍርም ነበር።

አንድ ቁጥር ልጨምር። የብራውን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ጥናት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 ወዲህ ባሉት ጦርነቶች ዘመን ያገለገሉ አሜሪካውያንን ቆጥሯል። በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ያጠፉት ከ30,000 በላይ እንደሆኑ ገምቷል። በጦርነቶቹ ግዳጅ ላይ የሞቱት 7,000 ያህል ናቸው። ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ያውም ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ሐኪም ያለው አገር። ሁለት የዓይን ምስክር እስኪያመጣ ጠብቁት የምትሉት ሰው የትኛው ቁጥር ውስጥ እንደሚገባ አስቡት።

ደግሞ ፍርሃት ያልሆነ ቁስል አለ። አንድ ሰው ያደረገው ነገር፣ ማድረግ ሲገባው ሳያደርገው የቀረ ነገር፣ ወይም አለቃው ያስደረገው ነገር ይበላዋል። ጆናታን ሼይ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከቬትናም ተመላሾች ጋር ሲሠራ ይህን የሞራል ጉዳት ብሎ ጽፎታል። ይህን ሰው ሕዝብ «ጀግናዬ» ሲለው ይብስበታል። የሚጨበጨብለትና እሱ የሚያስታውሰው አንድ አይደሉማ! እሱ የሚፈልገው ሳይፈርድበትም ሳያሞግሰውም ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ በቢሯችሁ አንድም የለም። የነበረውም የምክር ክፍል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀይሯል። ሄዳችሁ እዩት፤ የተሰባበሩ ወንበሮች አሉበት።

ይህን ስል ሁላችንም ታማሚ ነን እያልኩ አይደለም። አብዛኞቻችን ሠርተን፣ ልጅ አሳድገን እንኖራለን። ወታደርን ሁሉ የሚፈነዳ ነገር አድርጎ ማየትም ራሱ በደል ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ። ከመካከላችን ሚስቱ ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው መኖሩንም አልደብቅም። ጦርነት ለዚህ ሰበብ አይሆንም። ግን ያቺ ሚስት ወዴት ትሂድ? መሥሪያ ቤታችሁ የሚስቶችን አቤቱታ የሚቀበልበት መስኮት የለውም። ባሏን ብትከስ አበሉ ይቆምብኛል ብላ ትፈራለች። ዝም ትላለች። ጦርነቱ እሷ ቤት ይቀጥላል።

ወደ ሥራ ልምጣ። ጥበቃ። ለእኛ የሚታሰብልን ሥራ ይሄ ነው። ጥበቃን አልንቅም፤ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ያሳደግነው በሱ ነው። ግን የአንድ ሻለቃ ስንቅና ትጥቅ፣ ነዳጅና ተሽከርካሪ ያለ አንዳች ጉድለት ሲያንቀሳቅስ የነበረ ሰው መጋዘን ለመምራት ሲያመለክት «የሥራ ልምድ የለህም» ይባላል። ከባድ መኪና በተራራ መንገድ፣ በሌሊት፣ ያለ መብራት ሲነዳ የኖረ ሰው መንጃ ፈቃዱ የሠራዊት ነው ተብሎ ከዜሮ ይጀምራል። በተኩስ መካከል ደም ስታቆም የነበረች የሕክምና ባለሙያ ክሊኒክ ብትገባ መርፌ እንድትነካ አይፈቀድላትም። ፈተና ስጡን እንጂ! እንፈተን። የምንጠይቀው ችሎታችን እንዲመዘን ነው።

ስለ ሴቶቹ ካነሳሁ አይቀር፣ እነሱን ሁለት ጊዜ ነው የምትበድሏቸው። አንዲት የመገናኛ ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበረች ጓዳችን ቢሯችሁ መጥታ መጀመሪያ የተጠየቀችው «ባለቤትሽ የት ቆሰለ?» ተብላ ነው። «የቆሰልኩት እኔ ነኝ» አለች። ወረቀቷን ሦስት ሰው ተቀባበለው። በፎርማችሁ ላይ «የወታደሩ ስም» እና «የሚስት ስም» እንጂ ሌላ የለም። ሰፈር ስትመለስ ደግሞ ስለ አገልግሎቷ የሚጠይቃት የለም። ሁሉም የሚያወራው እዚያ ከማን ጋር እንደነበረች ነው። በዚህ የተነሳ ያገለገለችበትን ዘመን ከነጭራሹ የምትደብቅ አለች።

አሁን በግልባጭ የጻፍኩላችሁ ወገኖቼ፣ ተራው የእናንተ ነው።

መታሰቢያ ቀን ሲመጣ ትሰበሰባላችሁ። አበባ አለ፣ ንግግር አለ፣ ለሞቱት የአንድ ደቂቃ ጸሎት አለ። ጥሩ ነው። በማግስቱ ከእኛው አንዱ ቤት ሊከራይ ይመጣል። ምን ሠርተህ ትኖራለህ ሲባል «ወታደር ነበርኩ» ይላል። ቤቱ ድንገት ይያዛል። «ጠባያቸው አይታወቅም» ትላላችሁ ለጎረቤት። ሟቹን ትወዱታላችሁ፤ አይከራይም፣ አይቆጣም፣ ሥራ አይጠይቅም። አስቸጋሪው በሕይወት የተመለሰው ነው።

ሌላ ደግሞ አለ። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ጭምር፣ አንዱ ጠጋ ይልና «ሰው ገድለሃል?» ይላል። ሲሉት ይቀላል። ልጅ ሲጠይቅ ይገባናል። ትልቅ ሰው ግን? መልሱን ምን ሊያደርጉበት ነው? አዎ ካልን ይሸሹናል። አይ ካልን «ታዲያ ምን ስትሠራ ነበር?» ይሉናል። ተዉን ማለታችን አይደለም። «እንዴት ነህ? ምን እየሠራህ ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል?» በሉን። ይህን ያህል ነው።

ጦርነቱን የምትቃወሙም አላችሁ። መብታችሁ ነው። ከእኛም የሚቃወመው ብዙ ነው። ነገር ግን በጦርነቱ ያላችሁን ቁጣ ከዘመተው ሰው ላይ አታውጡት። ከአፍጋኒስታን የተመለሱ የሶቪየት ወታደሮች ቤት ወይም ሕክምና ሊጠይቁ ቢሮ ሲሄዱ «እኔ አልላክሁህም» የሚል መልስ ይሰጣቸው ነበር። ጦሩ ጠቅልሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ያቺ መልስ ግን የትውልዱ ቁስል ሆና ቀርታለች። እኛም ዛሬ ይህንኑ እንሰማለን። ከቢሮም፣ ከሰፈርም። የላከን ማን እንደሆነ ድሮውንም እናውቃለን። የምናንኳኳው የሱን በር ነው።

ከምርኮ የተመለሱትንም ተዉአቸው። ተማርኮ መመለስ ክህደት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስታሊን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1941 ባወጣው ትእዛዝ እጅ የሰጠን እንደ ከሃዲ ቆጥሮ ነበር። ከናዚ ካምፕ በሕይወት የወጡ ወታደሮች በገዛ አገራቸው የማጣሪያ ካምፕ ገቡ፤ ከዚያም ብዙዎቹ ለጉልበት ሥራ ተላኩ። እንዲህ ካለው ታሪክ የሚቀዳ ነገር የለም።

የተሸነፈ ወይም መንግሥቱ የወደቀበት ወታደርም ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የኢትዮጵያ ሠራዊት በአንድ ጊዜ ተበትኗል። ከነቁስሉ ለልመና የወጣው ብዙ ነበር። ኢራቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ አስተዳደር ሠራዊቱን በአንድ ትእዛዝ በተነው። መሣሪያ የሚያውቅ፣ ደመወዝ የሌለው፣ የተዋረደ ሰው በየከተማው ፈሰሰ። ከዚያ የሆነውን ዓለም አይቶታል። ማስፈራራቴ አይደለም። ሥራና ክብር ያጣ ሰው የሚቀጥለው መንገድ ይጠብበታል ለማለት ነው።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ወደ እናንተ ልመለስ። ከመካከላችሁ አንዱ በስብሰባ ላይ «የመንግሥት ሸክም» ብለውናል። ሰምተናል። ያመን ቃሉ ብቻ አይደለም። አስተሳሰቡ ነው። አበሉን ችሮታ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ። ችሮታ ከሆነ ደስ ሲል ይሰጣል፣ ሲከፋ ይቆማል። ዕዳ ከሆነ ግን ይከፈላል። የዘመተ ሰው ውል ገብቷል፤ በእሱ በኩል ያለውን ከፍሏል።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የሮማው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ6 ለተሰናባች ወታደሮች የተለየ ግምጃ ቤት አቋቁሟል። ገንዘቡ በአንድ በኩል ከውርስ ላይ ከሚሰበሰብ የ5 በመቶ ግብር ይመጣ ነበር። ሀብታሞቹ አጉረመረሙ፤ ግብሩ ግን ቀጠለ። አውግስጦስ ይህን ያደረገው ደግ ስለነበረ አይመስለኝም። ያልተከፈለው ወታደር ምን እንደሚያደርግ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ያውቅ ነበር።

ዕዳውን ያዘገዩትም ታሪክ አላቸው። አሜሪካ ለመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘማቾች እ.ኤ.አ. በ1924 ጉርሻ በሕግ ፈቀደች። ክፍያው ግን ለብዙዎቹ እስከ 1945 እንዲቆይ ተወሰነ። መካከል ላይ ኢኮኖሚው ወደቀ፣ ሰዉ ሥራ አጣ። እ.ኤ.አ. በ1932 በሺዎች የሚቆጠሩ ዘማቾች ሚስትና ልጅ ይዘው ዋሽንግተን ገቡ፣ ድንኳንና ጎጆ ሠርተው ተቀመጡ። ገንዘባችንን አሁን ስጡን አሉ። በሐምሌ ወር ጄኔራል ማክአርተር ታንክ፣ ፈረሰኛና አስለቃሽ ጋዝ ይዞ አስወጣቸው። ጎጆዎቻቸው ተቃጠሉ። ወታደር ወታደርን አባረረ። ገንዘቡ ግን በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1936 እንዲከፈል ተወሰነ። አፍሪካውያኑማ ይብሳሉ። ለፈረንሳይ ተዋግተው፣ በጀርመን ተማርከው የተመለሱ የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ዳካር አጠገብ ቲያሮይ በሚባል ሰፈር ውዝፍ ደመወዛቸውን ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1 ቀን 1944 የፈረንሳይ ጦር ተኮሰባቸው። የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ያኔ 35 ሞቱ አሉ፤ የታሪክ ሰዎች ከዚያ በብዙ እንደሚበልጥ ይናገራሉ። ፈረንሳይ ጭፍጨፋ መሆኑን በፕሬዚዳንቷ በኩል ያመነችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

በሥርዓት የከፈለውስ? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1944 የተመላሾችን የትምህርትና የቤት ብድር ሕግ አወጣች። 7.8 ሚሊዮን ያህል ዘማቾች በዚያ ሕግ ተማሩ ወይም ሙያ ሠለጠኑ። መሐንዲስ፣ መምህር፣ ሐኪም ሆነው ግብር ከፈሉ። ሸክም የተባለው ሰው አገር ተሸከመ። ያም ሕግ ቢሆን እኩል አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ1947 ሚሲሲፒ ውስጥ በሕጉ ዋስትና ከተሰጡት 3,229 ብድሮች ለጥቁር ዘማቾች የደረሱት 2 ብቻ ነበሩ። ሕግ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ማንን እንደሚያስገባ ማየት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ለዚህ ነው ስለ መስኮታችሁ አብዝቼ የጻፍኩት።

የምንጠይቀው ይህ ነው።

የቆመው አበል ዛሬውኑ ይለቀቅ። ከነውዝፉ። ማጣራቱ ከፈለጋችሁ ጎን ለጎን ይሂድ። የተቆረጠ እጅና እግር፣ የጠፋ ዓይን፣ በቦርድ የተረጋገጠ ዘላቂ ጉዳት አንዴ ከተመዘገበ ዳግም ምስክር አይጠየቅበት። ያቺም «ተሽሏል» የምትለው ሳጥን ከፎርሙ ትውጣ።

በአእምሮ ጉዳት ላይ የሁለት ምስክር ግዴታ ይሰረዝ። የሐኪም ምርመራና በዚያ ግንባር ማገልገሉን የሚያሳይ የሠራዊቱ መዝገብ ይብቃ። የምክር ክፍሉ ወንበሮቹ ወጥተውለት ይከፈት፤ ሙያውን የተማረ ሰው ይቀመጥበት። ሕክምናው አለ። ስለደረሰው ነገር በባለሙያ እርዳታ ደረጃ በደረጃ መናገርና መጋፈጥ ብዙ ሰው ረድቷል። ሚስቶችና ልጆችም ራሳቸውን ችለው የሚገቡበት በር ይኑራቸው፤ አቤቱታቸውም በአበሉ ላይ ጉዳት አያምጣ።

ወደ ቢሯችሁ መምጣት ለማይችሉ ሰዎች እናንተ ሂዱላቸው። ለማይሰሙት ቁጥር በጽሑፍ ይለጠፍ። የሴት ተዋጊዎች ስም በፎርሙ ላይ የራሱ ቦታ ይኑረው።

ከሠራዊት የተገኘ ሙያ የሚመዘንበት ፈተና ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጋር ይዘጋጅ። ለአሽከርካሪው፣ ለመካኒኩ፣ ለሕክምና ባለሙያዋ፣ ለስንቅ ኃላፊው። ያለፈ ይቀጠር፤ የወደቀ ይማር።

ስለ እኛ ስትወስኑ ከእኛ መካከል ሰው ጥሩ። ፎቶ ለመነሳት ሳይሆን ረቂቁ ሳይጸድቅ አንብቦ አስተያየት እንዲሰጥ። ለዚህ ደብዳቤም በጽሑፍ፣ ቀንና የኃላፊ ፊርማ ያለበት መልስ እንጠብቃለን።

አከራዮችና አሠሪዎች ደግሞ ከእናንተ የምንፈልገው ውለታ አይደለም። ሌላውን የምትጠይቁትን ጠይቁን። በዚያው መስፈርት ተቀበሉን ወይም መልሱን።

ከአክብሮት ጋር፣

ስለ ራሴና ስለ ጓዶቼ
በቦርድ የተሰናበትኩ የቀድሞ እግረኛ ጦር ሃምሳ አለቃ